የዝንጅብሏ ጣሳ

ቡና ከዝንጅብል ጋር ሲወቀጥ ከሸተተኝ አፌ ይደርቃል። ምላሴ ከላንቃዬ ይጣበቃል፣ ከንፈሬ ጥርሴ ላይ ይቀራል፣ ወዲያው ውኃ ፍለጋ እነሣለሁ። ሌላው ሰው የቡና ሽታ ሲደርሰው ምራቁን ይውጣል፤ እኔ የምውጠው አጣለሁ። ባለፈው ክረምት ጀሞ አካባቢ ዝናብ ይዞኝ ጎራ ካልኩባት ጠባብ ቡና ቤት ውስጥ ይኸው ሆነብኝ። ባለቤቲቱን አላውቃትም፤ እጇን ግን አወቅሁት። የተቆላውን ቡና ሙቀጫ ውስጥ ገልብጣ፣ ደረቅ ዝንጅብል በሁለት ጣቷ ቆንጥራ ጣል አደረገችበት። አገር ቤት የኖረ እጅ እንዲህ አያደርግም።

"የት ነበርሽ እህቴ?" አልኳት።

"ካርቱም።"

"ካርቱም የት?"

"ጀሪፍ" አለች፣ ቀና ብላ ሳታየኝ።

ዝናቡ ካባራ በኋላም እዚያው ተቀምጬ ቀረሁ። ሦስት ብርጭቆ ውኃ ጠጥቻለሁ።

እኔም የኖርኩበት ጀሪፍ የእኛው ዓባይ ከነጭ ዓባይ ጋር ከመገናኘቱ በፊት ግራና ቀኙን ይዞት የሚገኝ የካርቱም ሰፈር ነው። ምሥራቁ ጀሪፍ ሸርቅ፣ ምዕራቡ ጀሪፍ ገርብ ይባላል፤ በመካከላቸው የመንሺያ ድልድይ አለ። ሐበሻው የተከማቸው በገርቡ በኩል ነበር። ከደርግ ሸሽቶ የመጣ ሽማግሌ፣ በመተማ አቋርጦ ትናንት የገባ ጎረምሳ፣ ከአሥመራ የመጣች ሙሽራ፣ ሁሉም እዚያ ነው። እንጀራ የሚጋገርበት ቤት ከሱዳኖቹ የፉል ድስት አጠገብ ነው። ጠዋት የቤተ ክርስቲያን ነጠላ የለበሰች ሴት ከአዛን ድምፅ ጋር መንገድ ላይ ትተላለፋለች። ለእኔ ግን ጀሪፍ ሲባል ከዚህ ሁሉ በፊት የሚመጣብኝ ጭስ ነው።

ወንዙ ዳር የጡብ ምድጃዎች ተደርድረዋል። ዓባይ ነሐሴና መስከረም ላይ ሞልቶ ሲመለስ ጥሎት የሚሄደውን ደለል ሰዎቹ ይቆፍሩታል፣ ከእበት ጋር ያቦኩታል፣ በእንጨት ቅርጽ ይመቱታል፣ ፀሐይ ላይ ያደርቁታል፣ ከዚያ ቤት የሚያክል ክምር ሠርተው ከሥሩ እሳት ይለቁበታል። ጭሱ ሌሊቱን ሙሉ ሰፈሩ ላይ ይተኛል። እኔ ያደግሁት ደምበጫ ነው። አባቴ በየክረምቱ ከማሳው ዳር ቆሞ ጎርፉ የሚወስደውን ቀይ አፈር እያየ "ይሄው ሄደ፣ የምስርን ሰው ሊያበላ" ይል ነበር። ሁሉም ምስር አልደረሰም፤ የተወሰነው ጀሪፍ ቀርቷል። የተከራየናት ክፍል ግድግዳ ከዚሁ ጡብ የተሠራ ነበር፤ ማታ ጀርባዬን ሳስደግፍ የአባቴን ማሳ የተደገፍኩ ይመስለኛል። ያኔ አእምሮዬ እንዲህ ዓይነቱን ማያያዝ አብዝቶ ይወድ ነበር። ናፍቆት ይሁን የበሽታው ጅማሮ ዛሬም ለይቼ አላውቅም።

አምስት ሆነን ነበር የምንኖረው። ትንሿ፣ የጎንደሯ፣ ሁለት እህትማማቾች ነን የሚሉ ግን እህትማማች ያልነበሩ፣ እና ወሎዬዋ። እኔን ስትቆጥሩ ስድስት እንሆናለን፤ ያን ጊዜ ራሴን መቁጠር እረሳ ነበር። ወሎዬዋ ሰው ቤት ትሠራለች፤ እኔ ዋናው መንገድ ዳር ኒም ዛፍ ሥር ሻይና ቡና እሸጣለሁ። ሱዳኖቹ "ሲት ሻይ" ይሉናል፣ የሻይ እመቤት እንደማለት። እመቤትነቱ አንድ የከሰል ምድጃ፣ ሰባት ባንበር የሚባል ዱካና አሥራ ሁለት ብርጭቆ ነው።

የታመምኩት በ2005 ዓ.ም. ነው። ስለ ሕመሙ ብዙ አልናገርም፤ የሕመም ታሪክ ሁሉም ዘንድ አለ። ሌሊቱ እንቅልፍ አልባ ሆነ። ከዚያ በወንዙ በኩል አክስቴ በሕፃንነት ስሜ ትጠራኝ ጀመር፤ አክስቴ ከሞተች ዘጠኝ ዓመቷ ነው። የታጠበ ብርጭቆ መልሼ አጥባለሁ፣ ደንበኛ ገንዘቡን ሰጥቶኝ ሲሄድ ተከትዬ እመልስለታለሁ። ይህን ያየችው አከራያችን ሐጃ ናት። መጀመሪያ በቁርአን የሚያክም ፈኪ ጋ ወሰደችኝ። እሱ በእንጨት ሰሌዳ ላይ ቁርአን ጻፈ፣ ጽሑፉን በውኃ አጥቦ "ጠጪ" አለኝ። እኔ ክርስቲያን ነኝ ብዬ ላልጠጣ ስል ሐጃ "እናንተስ ጸበል ትጠጡ የለ? ይኸም ውኃ ነው" አለችኝ። ጠጣሁት። ቀለም ቀለም ይላል። አክስቴ ግን አልተወችኝም።

ሐጃም በሦስተኛው ሳምንት ክሊኒክ ወሰደችኝ። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ችኩል ነው፣ የእኔ ዐረብኛ ደግሞ የስኳርና የሂሳብ ዐረብኛ ነው። "ድምፅ ትሰሚያለሽ?" ሲለኝ ጆሮዬ ደህና መሆኑን የጠየቀኝ መስሎኝ "አይዋ" አልኩ። መልሱ በስህተት ትክክል ሆነ። ወረቀት ጻፈ፣ ፋርማሲ ገባን፣ ልጅቷ "ሐባ ሰባሕ፣ ሐባ መሳ" አለችኝ፤ አንድ ፍሬ ጠዋት፣ አንድ ፍሬ ማታ። የተነገረኝ ይኸው ነው። ስለ አንገት የነገረኝ የለም፣ ስለ ምላስ የነገረኝ የለም፣ ስለ ፀሐይ የነገረኝ የለም።

በነጋታው ትልቅ የአቧራ ማዕበል መጣ። ሱዳኖች "ሀቡብ" ይሉታል፤ ኪኒንን ደግሞ "ሁቡብ" ይሉታል። ለእነሱ የሰማይና የምድር ያህል የተራራቁ ቃላት ናቸው፤ ለሐበሻ ጆሮ አንድ ናቸው። ሐጃ በሩን እየዘጋች "ወይን አል-ሁቡብ?" ብላ ስትጠይቀኝ በመስኮቱ ወደ ሰማዩ ጠቆምኳት። እስክትደክም ሳቀች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኪኒኔን በልቤ አቧራ እለው ነበር። ክፉ ስም አልነበረም። ሲመጣ ሁሉን ነገር ቡናማ አድርጎ ይሸፍናል፣ ድምፅ ይውጣል፣ ሲያልፍ ዕቃው ሁሉ በቦታው አለ ግን ስስ ትቢያ ለብሷል።

ኪኒኑ ሃሎፔሪዶል ነበር። በኋላ እንዳነበብኩት በ1958 እ.ኤ.አ. ቤልጅግ ውስጥ በፖል ያንሰን ቤተ ሙከራ የተገኘ መድኃኒት ነው፤ እኔ ከመወለዴ በፊት ስንቱን ሺህ ሰው ከሰንሰለት አስፈትቷል። ሥራው ዶፓሚን የሚባለውን የአንጎል መልእክተኛ መንገድ ላይ ማገድ ነው። አክስቴን ዝም ያሰኘልኝ በዚሁ ነው፤ ይህን ውለታ አልክድም። ነገር ግን ያው ዶፓሚን ጡንቻንም ያዛልና፣ መንገዱ ሲዘጋ አንዳንዱ ሰው፣ በተለይ ወጣት ከሆነ፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት አንገቱ ወይም መንጋጋው ወይም ዓይኑ ከቁጥጥሩ ይወጣል። እኔን በአራተኛው ቀን መሸት ሲል ያዘኝ። ቡና እየቀዳሁ ነበር። አንገቴ ወደ ቀኝ መዞር ጀመረ። መለስኩት፤ ዞረ። በእጄ ያዝኩት፤ እጄንም ይዞ ዞረ። ከዚያ ዓይኖቼ ወደ ላይ ተሰቀሉና የኒሙን ቅጠል እንጂ ሌላ ማየት አቃተኝ። ምላሴ አፌ ውስጥ ወፈረ።

ክፍላችን ተሸክመው አስገቡኝ። የሆነውን ሁሉ እሰማለሁ፤ አእምሮዬ ከዚያን ቀን የበለጠ ጠርቶ አያውቅም። የጎንደሯ "በስመ አብ" እያለች ጸበል ረጨችብኝ፤ አንገቴ ሲጠነክር "አየሽው? ሲነኩት ባሰበት" አለች። ሐጃ ደግሞ "ደስቱር፣ ደስቱር" እያለች ዕጣን አጨሰች። የሱዳን ዛር የራሱ "ሐበሽ" የሚባል ነገድ አለው፤ ቀይ ልብስ የሚወድ፣ ቡና የሚጠይቅ። ሐጃም ያደረብኝ እሱ መሆኑን ወሰነች። ደምበጫ የተወለድኩ ሐበሻ፣ ካርቱም ድረስ ሄጄ፣ በሐበሻ ዛር ተያዝሁ። ዓይኔ ጣሪያው ላይ ተሰክቶ ይህን ሳስብ በውስጤ ሳቅሁ፤ ፊቴ ግን የሳቁን ትእዛዝ አልተቀበለም።

ወሎዬዋ ከሥራ የገባችው በዚህ መሀል ነው። ከራስጌዬ የኪኒኑን ፖስታ አነሣች፣ አንድ ቃል ሳትናገር ወጥታ ርክሻ ጠራች። በርክሻ ይዛኝ የሄደችበት ጤና ጣቢያ ውስጥ አንድ አረጋዊ ነርስ ፖስታውን አየ፣ ፊቴን አየ፣ "አሃ" አለና መርፌ ወጋኝ። ሃያ ደቂቃ አልሞላም። አንገቴ ወደ ቦታው ተመለሰ፤ ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ታየኝ። ይህን ሁሉ ዛርና ጸበል የተጠራበትን ነገር አንድ መርፌ ፈታው። ስንመለስ ግን የጎንደሯ ጸበሉ ሠራ አለች፣ ሐጃ ዕጣኑ ሠራ አለች። አልተከራከርኩም። ወሎዬዋም አልተከራከረችም።

ሐጃን አትፍረዱባት። ኦምዱርማን ያለው ትልቁ የአእምሮ ሆስፒታል የተሰየመው በቲጃኒ አል ማሂ ነው፤ በ1911 እ.ኤ.አ. ተወልዶ በ1970 ያረፈ፣ የሱዳን የመጀመሪያው የአእምሮ ሐኪም። ከ1964ቱ አብዮት በኋላ አገሪቱን ለጥቂት ወራት የመራው የአምስት ሰዎች ምክር ቤት አባልም ነበር። ይህ ሰው እንግሊዝ አገር ተምሮ ሲመለስ ሼኮቹንና ዛር ቤቶቹን አላባረረም፤ ቁጭ ብሎ አጠናቸው፣ አብሯቸው ሠራ። ሐጃ ስሙን ስትጠራ እጇን ደረቷ ላይ ታደርግ ነበር። የእኔ ወጣት ሐኪም ግን የእሱን ሩብ ያህል እንኳ ጊዜ ቢሰጠኝ፣ "አንገትሽ ቢዞር አትደንግጪ፣ ኪኒኑ ነው፣ ቶሎ ነይ" ቢለኝ፣ አሥር ቃል አይሞላም።

ከዚያ በኋላ ሌላ ፍሬ ተጨመረልኝ፤ የመጀመሪያውን ጥፋት የምታርም ትንሽ ነጭ ኪኒን። አንገቴን አዳነች፣ አፌን አደረቀች። ቅርብ ያለው ነገር ሁሉ ተድበሰበሰብኝ፤ መርፌ ቀዳዳ አይታየኝም፣ የስልክ መልእክት ክንዴን ዘርግቼ አነባለሁ። ደግሞ ላቤን ወሰደችብኝ። ግንቦት ላይ ካርቱም 45 ዲግሪ ይገባል፤ ሰው ሁሉ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተለጥፎ ሲያልፍ እኔ ከከሰል ምድጃ አጠገብ ደረቅ ነኝ፣ እንደ ጋገራ ምጣድ። ደንበኞቼ "ሐበሺያ፣ ሱዳን ተስማማሽ!" ይሉኛል። ላብ የሌለው ሰው ሙቀቱ ውስጡ እንደሚቀር፣ ራሱን ሊስት እንደሚችል ያወቅሁት አንድ ቀን ከባንበሬ ላይ ከወደቅሁ በኋላ ነው።

እግሬ ደግሞ ሌላ ታሪክ አለው። መቀመጥ አልቻልኩም። ሕመም አይደለም፣ ማሳከክ አይደለም፤ ከአጥንቴ ውስጥ የሆነ ነገር "ተነሺ" ይለኛል፣ ስነሣ "ተቀመጪ" ይለኛል። ሌሊት ግቢው ውስጥ አንገረብ በሚባለው አልጋ ላይ ተኝተን ሌሎቹ ኮከብ ሲቆጥሩ እኔ ከበር እስከ ዘይሩ፣ ከዘይሩ እስከ በር እመላለሳለሁ። እዚያ ትልቁ የውኃ ጋን አጠገብ ስደርስ ሁልጊዜ አንድ ጉንጭ እጠጣለሁ። ትንሿ "ምን ነካት? ሰው የገደለች ይመስል" ስትል ሰምቻታለሁ። እኔም ጥፋቱን ከራሴ ፈለግሁ። ጭንቀቴ ነው፣ ኃጢአቴ ነው አልኩ። ኪኒኑ ይሆናል የሚል ሐሳብ አንድ ቀንም አልመጣልኝም።

አሁን ወደ ዝንጅብሏ ጣሳ ልምጣ። የኒዶ ወተት ጣሳ ናት፣ ቢጫ፣ ክዳኗ የተጣመመ። ኪኒኖቹን በላስቲክ ጠቅልዬ ከሥር አደርጋለሁ፣ ከላይ ደረቅ ዝንጅብል እሞላበታለሁ። ብዙ ሴት በአንድ ክፍል ሲኖር መደበቂያ የለም፤ ሻንጣ ይከፈታል፣ ትራስ ይገለበጣል፣ ጡት መያዣ ሳይቀር በውሰት ይዞራል። ዝንጅብሉ ግን የሥራ ዕቃዬ ስለሆነ ማንም አይነካውም። ከዚያ የተነሣ ኪኒኔ ዝንጅብል ዝንጅብል ይል ነበር። ጠዋትና ማታ ክዳኑን ስከፍት ሽታው ይመጣል፣ ፍሬዋን እውጣለሁ፣ አፌ ይደርቃል። ይኸው ሥርዓት ለዓመታት ሲደጋገም ሰውነቴ አንድ አድርጎ አጠናው። ኪኒኑ ከተቀየረ ስንት ዘመኑ ነው፤ አፌ ግን እስካሁን አልተነገረውም።

ከአንገቱ ቀን በኋላ ለሁሉም "ጨርሻለሁ፣ ድኛለሁ" ብያቸው ነበር። ለምን ደበቅሁ? አማኑኤል ሆስፒታል ከጣሊያን ወረራ ዘመን ጀምሮ አለ፤ ለብዙ አሥርት ዓመታት ኢትዮጵያ የነበራት የአእምሮ ሆስፒታል እሱ ብቻ ነው። እኛም ስሙን ስድብ አደረግነው። በልጅነቴ የተበሳጨ ሁሉ ሌላውን "አማኑኤል ግባ" ይለው ነበር፤ አምላክ ከእኛ ጋር ማለት መሆኑ ትዝ የሚለው የለም። ዐረቦቹ ቢያንስ ይህን ሕመም በነፍስ ስም ይጠሩታል፤ "ነፍሲያ" ይላሉ። ሐጃ ለጎረቤቶቿ "ነፍሷን አሟት ነበር" ስትል ስሰማ ከአማርኛው ይልቅ ቀለለኝ። ለእናቴ በስልክ ያልኳት ግን "ወባ ነው" ነው።

ለእናቴ ፎቶም ልኬላታለሁ። ያ በሁለተኛው ዓመት ነው፣ ኪኒኑ ከተቀየረልኝ በኋላ። የተቀየረልኝም በክፉ ምክንያት ነው፤ እሱን ለመናገር መጀመሪያ የአባቴን ነገር ማንሣት አለብኝ።

መርዶውን የነገሩኝ ጎህ ሲቀድ ነው፣ እንደ አገሩ ወግ። ዓይኔን ስገልጥ ክፍሉ በሴት ተሞልቷል፤ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል። አንዲት ትልቅ ሴት "እታለም፣ አባትሽ ዐርፈዋል" አለችኝ። ወሎዬዋ አቅፋ ያዘችኝ፣ እንዳልፈርጥ፣ ፊቴን እንዳልቧጥጥ። የሚያዝ ነገር አልነበረኝም። ቁጭ አልኩ። ሁሉም ጩኸቴን ይጠብቃሉ፤ እኔም እጠብቃለሁ። አልመጣም። አባቴ እንደሞተ አውቃለሁ፣ ትልቅ ነገር እንደሆነ አውቃለሁ፤ የማውቀው ግን የስኳር ዋጋ እንደማውቀው ነው። ጎርፉን እያየ የቆመበትን ዳር አሰብኩ፣ የጋቢውን ሽታ አሰብኩ፣ በትከሻው ተሸክሞኝ ጥምቀት የሄደበትን ቀን ሆን ብዬ አወጣሁ። ሁሉም በመስታወት ጀርባ የተቀመጠ የሰው ዕቃ መሰለኝ። ጥማት ብቻ ይሰማኛል። ለቅሶ ላይ ተቀምጬ ሦስት ጊዜ ውኃ ጠየቅሁ።

ወሎዬዋ አለቀሰችልኝ። አባቴን አይታው አታውቅም። በወሎ ዜማ እየደረደረች፣ ደረቷን እየመታች፣ የእኔን ድርሻ ሁሉ አወጣችው። ከበሩ አካባቢ ግን "ልቧ ደንድኗል"፣ "ዐረብ አገር ሰው ያደርቃል" ሲሉ ሰማሁ። አንዷ "የአባቷን መሬት እያሰበች ይሆናል" አለች። ለዚያ ንግግር እስከ ዛሬ ይቅርታ አላደረግሁም፤ ሴትየዋን ፒያሳ ባገኛት ዛሬም ሰላም አልላትም። ከእሷ የከፋው ግን እኔ ራሴ ማመኔ ነው። እንግዲያ ልቤ እንዲህ ነበር ማለት ነው፣ አባቴን አልወደውም ነበር ማለት ነው ብዬ ተቀበልኩት።

በዚያ ዓመት ፍልሰታ ሲገባ ኪኒኑን ተውኩ። ለማንም አልነገርኩም። ጾሜን በንጹሕ ሰውነት ልያዝ፣ እንባዬንም መልሼ ላግኝ ብዬ ነው። መጀመሪያ ደስ ይል ነበር። አፌ ረጠበ፣ ላቤ መጣ፣ የሎሚ ጣዕም ተመለሰልኝ፣ እግሬ ዐረፈ። ሁለተኛው ሳምንት ላይ አንድ ማታ ሙሉ አለቀስኩ፤ ለአባቴ ነው፣ አልተሳሳትኩም። ሦስተኛው ሳምንት ላይ እንቅልፍ ሸሸ። አክስቴ መጣች፣ አባቴን አስከትላ። የወንዙ ሙላት ጊዜ ነበር፤ ሁለቱም ከውኃው በኩል ይጠሩኛል። በአንዱ ሌሊት ከጡብ ምድጃዎቹ አልፌ ዳር ላይ ቆሜ እንደነበር አስታውሳለሁ፣ ውኃው ቀይ ነበር፣ እንደ ደምበጫ ጎርፍ። ከኋላዬ የሐጃን ድምፅና የሰው ሩጫ ሰማሁ። የምድጃው ሠራተኞች ናቸው ክንዴን ይዘው የመለሱኝ። እንዴት ሐጃ በዚያ ሰዓት እንደነቃች ለዓመታት አላወቅሁም።

ይህን ያነበበ ሰው ኪኒን በራሱ ፈቃድ በአንድ ቀን እንዳያቋርጥ እለምናለሁ። ከብዷችሁ ከሆነ ለሰጣችሁ ሐኪም እንደከበዳችሁ ንገሩት፤ ካልሰማችሁ ሌላ ፈልጉ።

ሁለተኛው ሐኪም ሽማግሌ ነበር። የመጀመሪያ ጥያቄው ድምፅ ትሰሚያለሽ አልነበረም፤ በክሊኒኩ ጽዳት የምትሠራ ኤርትራዊት አስጠርቶ በእሷ በኩል "መድኃኒቱ ምን አስቸገረሽ?" አለኝ። አንገቴን ነገርኩት፣ እግሬን፣ ላቤን፣ እንባዬን። ሁሉንም አንድ በአንድ ጻፈ። ሲጨርስ እስክሪብቶውን አስቀምጦ "ይኼ ሁሉ ኪኒኑ ነው፤ አንቺ አይደለሽም" አለ። ተርጓሚዋ ይህን ስትነግረኝ ድምፅዋ ተለወጠ፤ ለምን እንደሆነ አልጠየቅኋትም። ከዚያ ኦላንዛፒን የሚባል አዲስ ኪኒን አዘዘልኝ። "ይኼኛው አንገትሽን እምብዛም አይነካም፤ ያስርብሻል፣ ያስተኛሻል፣ ያወፍርሻል" አለ። የተነገረኝ ሁሉ በተነገረኝ ቅደም ተከተል ሆነ። ስለተነገረኝም አንዱም አላስፈራኝም።

ወፈርኩ። በአንድ ዓመት ውስጥ ልብሴ ሁሉ ለትንሿ ሆነ። ሌሊት ተነሥቼ ፉል ከነዳቦው እበላለሁ። ጉንጬ ሞላ፣ አንገቴ ማርዳ አወጣ። ፎቶ ቤት ገብቼ፣ የጎንደሯን ወርቅ ተውሼ፣ ተነሥቼ ለእናቴ ላክሁ። እናቴ ፎቶውን ይዛ ደምበጫን ዞረች። "ሱዳን ለልጄ ተመቻት፣ ከፊቷ ላይ ቅቤ ይንጠባጠባል" አለች አሉ። በዚያ ሳምንት ሁለት የጎረቤት ልጆች በመተማ በኩል ለመውጣት ደላላ ጠይቀዋል። ኪኒኑ በእኔ ፊት ላይ የሠራው ሥራ ሁለት ሰው ለስደት ሊያስነሣ ምንም አልቀረውም። በስልክ እንዳይመጡ ስመክራቸው "እሷ በልታ እኛን ትከለክላለች" ተባልኩ። ምን ልበላቸው?

እንቅልፉም ዋጋ አስከፍሎኛል። ጠዋት እጅና እግሬ ከእኔ ዘግይተው ይነቃሉ። ከሻ ሲመጣ፣ ማለት ሻይ ሻጮችንና ሐበሾችን ለማፈስ መኪናው ሲደርስ፣ ሌሎቹ ምድጃና ባንበራቸውን ሰብስበው ሲሮጡ እኔ ገና ክዳን እየፈለግሁ ነው። ሁለት ጊዜ ዕቃዬን ሙሉ ወሰዱብኝ። የዝንጅብሏ ጣሳ ግን ሁለቱንም ጊዜ ተርፋለች፤ ከብርጭቆውም ከምድጃውም በፊት የማነሣው እሷን ነበርና።

በ2009 ዓ.ም. ወደ አገሬ ተመለስኩ። ጣሳዋን ለወሎዬዋ ትቼላት መጣሁ፣ ኪኒኖቹን አውጥቼ። አዲስ አበባ ስደርስ የሄድኩት እዚያው ስሙ ስድብ ወደሆነው አማኑኤል ነው። ወረፋ ላይ አንዲት እናት አንገቱ የዞረ ልጅ ይዘው ተቀምጠዋል፤ ከአንድ ጸበል እየመጡ ነው፣ ፀጉሩ ገና አልደረቀም። "ኪኒን ከጀመረ ስንት ቀኑ ነው እማማ?" አልኳቸው። "ሦስት" አሉኝ። እጃቸውን ይዤ ቀጥታ ነርሷ ጋ ወሰድኳቸው። ከሰዓት በኋላ ልጁ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ዳቦ ሲበላ አየሁት። እናትየው ጉልበቴን ሊስሙ ጎንበስ አሉ። እኔ ያደረግሁት ነገር ቢኖር፣ ካርቱም ላይ በጊዜው ማንም ያልነገረኝን አንድ ዓረፍተ ነገር መናገር ነው።

ጀሞ ያገኘኋት ባለ ቡና ቤት የእኛን ክፍል ከእኔ በኋላ የተከራየች ሆና ተገኘች። የሐጃን ግቢ፣ ዘይሩን፣ የጡቡን ግድግዳ ስትነግረኝ ዓይኔን ጨፍኜ ሰማሁ። ሐጃ ከጦርነቱ በፊት ማረፏንም ነገረችኝ። ጦርነቱ የጀመረው ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው፤ ለእኛ ቀዳም ስዑር፣ ለእነሱ ረመዳን። "ዶሮው ተገዝቶ እግሩ እንደታሰረ ግቢ ውስጥ ነበር" አለች። "ጥይቱ መጀመሪያ የፋሲካ ርችት መሰለን።" ሦስት ሳምንት ክፍሏ ውስጥ ተደብቀው፣ ከዚያ በገዳሪፍ አድርገው መተማ ገቡ። የጀሪፍ ሐበሻ በዚያ ሰሞን ተበተነ።

"ቤት ውስጥ የኒዶ ጣሳ አልነበረችም?" አልኳት።

"ዝንጅብል የምናደርግባት? ነበረች እንጂ። ወሎዬዋ አታስጥለንም ነበር። መደርደሪያው ላይ እንዳለች ትተናት ወጣን።"

የወሎዬዋን ስልክ ቁጥር ሰጠችኝ፤ ኮምቦልቻ ናት አለችኝ። ለሁለት ቀን ቁጥሩን እያየሁ ቆየሁ፤ በሦስተኛው ደወልኩ። አልቅሰን፣ ስቀን፣ የሞተ የቆመውን ቆጥረን ስንጨርስ፣ የዚያን ጊዜውን ኪኒን ነገር ልነግራት ጀመርኩ። አቋረጠችኝ።

"አንቺዬ፣ እየቆጠርኩልሽ አልነበር እንዴ!"

"ምኑን?"

"ፍሬውን ነዋ። ቅዳሜ ቅዳሜ አንቺ ገበያ ስትሄጂ ዝንጅብሉን ገልብጬ እቆጥራለሁ። በፍልሰታ ጊዜ አልቀነስ አለኝ። ሐጃን ‹ሌሊት ሌሊት ጠብቂያት› ያልኳት እኔ ነኝ።"

ብዙ ዝም አልኩ። "ለምን አልነገርሽኝም?" አልኳት።

"አንቺስ መቼ ነገርሽኝ?" አለች።

ዛሬ የምወስደው 5 ሚሊግራም ነው፣ ማታ 3 ሰዓት ላይ። የማስቀምጠው ወጥ ቤት፣ ከጨውና ከበርበሬው ጎን፣ እንግዳ ሁሉ በሚያየው መደርደሪያ ላይ ነው።